ሚረርለስ ካሜራ ስትገዙ፦ ቦዲና ሌንስ ለመሃል አዲስ አበባ ሥራ ሲመዘኑ

«የቱን ካሜራ ልግዛ?» ያለ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ መልስ አያጣም። ሶኒ የያዘው ሶኒ ይለዋል፣ ካኖን የያዘው ካኖን፣ ሻጩ ደግሞ መደርደሪያው ላይ የተረፈውን። ከዚህ ሁሉ ምክር ውስጥ የሚጎድለው ጠያቂው ምን እንደሚሠራ፣ የት እንደሚሠራና ለነገ ሰርግ ሌንስ ቢቸግረው ከማን እንደሚዋስ ነው። ሚረርለስ የምለው በድሮው ዲኤስኤልአር ውስጥ ያለው መስታወት የሌለውን፣ ሌንሱ የሚቀየር ካሜራ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ገንዘቡ መጀመሪያ ለሌንስ ይመደብ፣ ቀጥሎ ማውንት የሚባለው የሌንስ መግጠሚያ ይመረጥ፣ ቦዲው፣ ማለትም ያለ ሌንስ ካሜራው ራሱ፣ በተረፈው ይገዛ። ቦዲ አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል፤ ጥሩ ሌንስ ግን ሁለት ሦስት ቦዲ ይሸኛል።

የብር ዋጋ እዚህ አልጽፍም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ የተጻፈ የብር ዋጋ ቶሎ ያረጃል። በምትኩ እያንዳንዱ ዕቃ አሜሪካ ገበያ ላይ መጀመሪያ የወጣበትን የዶላር ዋጋ በግርድፉ እሰጣለሁ። ፒያሳ ወይም ሜክሲኮ የሚጠሩላችሁ ዋጋ ከዚህ ይለያል፤ የዕቃዎቹን ደረጃ እርስ በርስ ለማነጻጸር ግን ያገለግላል። የሞዴል ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## በምን እንመዝን?

ጨለማ። ሰርግ ለሚያነሳ ሰው ከባዱ ሥራ ወዳጅነት ፓርክ ውስጥ የሚነሳው ፎቶ አይደለም፤ ተክሊሉ ነው። ማለዳ ከቅዳሴ ጋር ይፈጸማል፣ ብርሃኑ ጧፍና ጥቂት አምፖል ነው፣ ፍላሽ ማብራት ብዙ ቦታ አይወደድም፣ የሚከለከልበትም አለ። በቁጥር እንየው። ሰው ስለሚንቀሳቀስ ሻተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ከ1/125 ሰከንድ በታች ማውረድ አልፈለጋችሁም እንበል። ከካሜራው ጋር የመጣው ኪት ሌንስ ዙም ሲደረግ ኤፍ 5.6 ላይ ይደርስና (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል) አይኤስኦ፣ ማለትም ብርሃኑ የሚጎላበት መጠን፣ 12800 ይጠይቃል። በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ኤፍ 2.8 የሚከፈት ዙም በ3200 ይጨርሰዋል። ኤፍ 1.8 የሆነ ፕራይም (ዙም የማያደርግ ሌንስ) ደግሞ 1250 አካባቢ ይበቃዋል። ይህ ከሦስት ስቶፕ በላይ ነው፤ አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃን እጥፍ መሆኑን አትርሱ። ቦዲ ቀይሮ ከትንሹ ሰንሰር ወደ ትልቁ፣ ፉል ፍሬም ወደሚባለው መሄድ የሚያስገኘው ትርፍ ከአንድ ስቶፕ ብዙም አያልፍም። ሌንስ ይቅደም የምለው ከዚህ ስሌት ተነስቼ ነው።

ነጭ ልብስና ጠይም ፊት። ውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች ይህን እምብዛም አያነሱትም፤ ለእኛ ግን የየቀኑ ችግር ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሆነች ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መገባደጃ ላይ የቀትር ፀሐይ ቀጥ ብላ ከአናት በላይ ትቆማለች፤ በሌላውም ጊዜ ብዙ አትርቅም። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሙሽራዋ ጥለት ያለው የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ጊዮርጊስ ካቴድራል ደጃፍ ላይ ቆማለች። ካሜራው ፊቷን ተከትሎ ሲለካ የቀሚሱ ሽመና ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል። ቀሚሱን ሲከተል ፊቷ ይጨልማል፣ ዓይኖቿም በቅንድቧ ጥላ ውስጥ ይገባሉ። ያለው መላ በሮው (ካሜራው ሳያቀነባብረው በሚያስቀምጠው ፋይል) ማንሳት፣ ለነጩ መለካት፣ ከዚያ ጥላውን ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ ከፍ ማድረግ ነው። ስለዚህ የሚፈለገው ጥላ ሲነሳለት ኖይዝና ሰንበር የማያወጣ ሰንሰር ነው። እዚህ ላይ ከማነሳቸው አብዛኞቹ ይህን ይችላሉ። በዚህ በኩል ወደኋላ የሚቀረው የካኖን አርፒ ነው፤ ፉል ፍሬም በርካሽ ስለሚገኝ ያማልላል፣ ሰንሰሩ ግን የቆየ ስለሆነ ጥላ ሲነሳ ይበላሻል። ሃይ ስፒድ ሲንክ ያለው፣ ማለትም በፈጣን ሻተርም የሚሠራ ፍላሽም ለቀትር ፀሐይ የግድ ነው፤ ፍላሹን ከቦዲው በጀት ላይ ቀንሳችሁም ቢሆን ግዙ።

የጓደኛ ቦርሳ። መሃል ከተማ የሚሠራ ፎቶ አንሺ ሁሉንም ሌንስ አይገዛም። ጥምቀት ሲደርስ ጃን ሜዳ ላይ ከገመዱ ወዲህ ሆኖ የካህናቱን ፊት ለማቅረብ 70-200 ሚሜ ሌንስ ይከራያል። ትልቅ ሰርግ ሲይዝ ሁለተኛ ቦዲ ይዋሳል። ባትሪ ሲያልቅበት አጠገቡ ካለው ቪዲዮ አንሺ ይለምናል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ማውንቱና ባትሪው ሲገጥም ነው። እንግዲህ ከመግዛታችሁ በፊት አብረዋችሁ የሚሠሩ ሰዎች ምን እንደያዙ፣ የምትከራዩበት ቤትም ለየትኛው ማውንት ሌንስ እንዳለው ጠይቁ። እኔ ብሆን የዚህን መልስ ከማንኛውም የኢንተርኔት ግምገማ አስበልጬ እወስደዋለሁ።

ሁለት የካርድ ማስገቢያ። ቀለበት አንድ ጊዜ ነው የሚታሰረው። ካርድ ቢበላሽ ሁለተኛው ላይ ቅጂ መኖር አለበት። ለልደትና ለራስ ፎቶ አንድ ማስገቢያ ይበቃል፤ በክፍያ ሰርግ ለሚያነሳ አይበቃም።

ባትሪ። ሰርግ ከንጋት እስከ ምሽት ነው፣ መብራትም ሊጠፋ ይችላል። የባትሪውን መጠን በሚሊ አምፒር ሰዓት ተመልከቱ፤ 1000 አካባቢ የሆነው ከ2000 በላይ ከሆነው ጋር አይወዳደርም። በዩኤስቢ ከፓወር ባንክ መሞላቱንም አረጋግጡ።

አቧራም አለ፤ መሃል ከተማው ግንባታ ላይ ስለሆነ መንገድ ዳር ሌንስ መቀየር ሰንሰሩን ያቆሽሻል። እንደ ሶኒ ኤ7 ማርክ 4 እና ካኖን አር6 ማርክ 2 ያሉት ካሜራው ሲጠፋ ሻተሩን በሰንሰሩ ላይ መዝጋት ይችላሉ። ኤ7 ማርክ 3 ይህ የለውም።

ሜጋፒክስል? 24 ይበቃል። በ300 ዲፒአይ ሲታተም ወደ 50 በ34 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ አብዛኛው የሰርግ አልበም ከዚህ አይበልጥም።

## ፉል ፍሬም ወይስ ክሮፕ

የፉል ፍሬም ሰንሰር 36 በ24 ሚሜ ነው። ክሮፕ የምንለው ከዚያ ያንሳል፦ በሶኒ፣ በኒኮንና በፉጂ 1.5 ጊዜ፣ በካኖን 1.6 ጊዜ። ስለዚህ 50 ሚሜ ሌንስ ክሮፕ ላይ ሲገጠም የ75 ወይም የ80 ሚሜ ያህል ያጠብባል። ቅልቅል ወይም መልስ አንድ ሳሎን ውስጥ ሲሆንና ዘመድ አዝማድ ሲሞላ ይህ ነገር ይሰማል፤ ጀርባችሁ ግድግዳ ነክቶም ግማሹ ሰው ከፍሬም ውጭ ይቀራል። ለክሮፕ 16 ሚሜ አካባቢ የሚጀምር ሌንስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ክሮፕ የሚያሸንፈው በዋጋና በክብደት ነው። የሲግማ 18-50 ኤፍ 2.8 ለክሮፕ የተሠራ ሲሆን 290 ግራም ብቻ ይመዝናል፣ የወጣው በ550 ዶላር ነው። ለፉል ፍሬም ተመሳሳዩን ሥራ የሚሠራው የታምሮን 28-75 ኤፍ 2.8 ማርክ 2 ወደ 540 ግራም ነው፣ በ900 ዶላር ወጣ። ከአራት ኪሎ እስከ ስታዲየም በእግር ለሚዞር ሰው ይህ ልዩነት ትከሻ ላይ ይታወቃል። ትንሽ ካሜራ ሌላም ጥቅም አለው፦ ትልቅ ነጭ ቴሌ ሌንስ ይዞ ፒያሳ ላይ የቆመን ሰው የጥበቃ ሠራተኛ ሳይጠይቀው አያልፍም።

ፉል ፍሬም የሚያሸንፈው ተመሳሳይ ሌንስ ሲገጠምለት ነው። ኪት ሌንስ ተገጥሞለት ግን ኤፍ 1.4 ከያዘ ክሮፕ ጋር ተክሊል ላይ ቢገናኝ ይሸነፋል። ለሁለቱም የሚበቃ ገንዘብ ከሌላችሁ ክሮፕ ቦዲና ጥሩ ሌንስ ግዙ።

## ሌንሶቹ

ኪት ሌንስ ለቀን ብርሃንና ለመማሪያ ያገለግላል። ከቦዲው ጋር ሲመጣ የሚጨመረው ዋጋ ትንሽ ከሆነ ውሰዱት፤ ለብቻው ግን አትግዙት።

የመጀመሪያው ቁም ነገር ያለው ግዢ ኤፍ 2.8 መደበኛ ዙም ነው። ሰርግ፣ ምርቃት፣ ክርስትና፣ የስብሰባ አዳራሽ፣ ሁሉንም በአንድ ሌንስ ያስኬዳል። ሰው እየተጋፋ በሚሄድበት ቦታ ሌንስ ለመቀየር ጊዜ የለም፤ ሙሽሮቹ ከመኪና ሲወርዱ 28 ላይ፣ እናት ስታለቅስ 75 ላይ መሆን አለባችሁ። የካምፓኒዎቹ የራሳቸው ምርጥ 24-70 ኤፍ 2.8 ከ2000 ዶላር በላይ ነው። ታምሮንና ሲግማ ከዚያ ከግማሽ በታች በሆነ ዋጋ የሚሰጡት ሌንስ አልበም ላይ ሲታተም ደንበኛው የሚያየው ልዩነት የለም። እዚህ ላይ ለስም ገንዘብ አትክፈሉ።

ፕራይም ሁለተኛ ይግባ። የቁም ፎቶ ለሚያነሳ 85 ሚሜ ኤፍ 1.8፣ በክሮፕ ከሆነ 56 ሚሜ ኤፍ 1.4፤ ሁለቱም ፊትን ሳያዛቡ ኋላውን ያለሰልሳሉ። የሲግማ 16፣ 30 እና 56 ሚሜ ኤፍ 1.4 ለክሮፕ የተሠሩ ሲሆን ሦስቱም ከ500 ዶላር በታች ነው የወጡት። ለመንገድ ፎቶ 35 ወይም 40 ሚሜ የሚያህል እይታ እመርጣለሁ፤ ሀገር ፍቅር ቴአትር በር ላይ የቆሙ ሰዎችን ከነቦታው ያስገባል፣ ሩቅ ሆኖ የመስረቅ ስሜትም የለውም። 50 ሚሜ ኤፍ 1.8 በሁሉም ማውንት ርካሹ በር ነው ይባላል፤ በካኖን እውነት ነው፣ 200 ዶላር። በኒኮን ዜድ ግን 50ው ኤፍ 1.8 በ600 ዶላር ነው የወጣው። በዚያ ማውንት ከርካሾቹ አንዱ 300 ዶላር የነበረው 40 ሚሜ ኤፍ 2 ነው።

70-200ን አትግዙ፣ ተከራዩ። ለጥምቀትና ለደመራ፣ አልፎ አልፎም ለመድረክ ሥራ ነው የሚፈለገው። ሥራችሁ ዜና ወይም ስፖርት ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔም ለሶኒ የተሠራው የታምሮን 70-180 ኤፍ 2.8 በ1200 ዶላር የወጣና 810 ግራም የሚመዝን ስለሆነ መጀመሪያ እሱን እዩ።

## ማውንቶቹ በየተራ

ሶኒ ኢ። በ2010 ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ሶኒ መሠረታዊ ስፔሲፊኬሽኑን ለሌሎች አምራቾች ከፈተ። የዛሬው ትልቁ ጥቅም የመጣው ከዚያ ውሳኔ ነው፦ ሲግማ፣ ታምሮን፣ ሳምያንግ፣ ቪልትሮክስ ሁሉም ለኢ ማውንት ይሠራሉ፣ ኦቶ ፎከሳቸውም በደንብ ይሄዳል። ክሮፑና ፉል ፍሬሙ አንድ ማውንት ስለሆነ ከኤ6400 ጀምሮ ወደ ኤ7 ማደግ ይቻላል፤ ለክሮፕ የተሠሩት ሌንሶች ግን ፉል ፍሬም ላይ የምስሉን መካከል ብቻ እንደሚጠቀሙ እወቁ።

ኤ6400 የ2019 ካሜራ ነው። ኦቶ ፎከሱ ዛሬም ዓይን ይይዛል። ድካሙ 1020 የሆነው ትንሹ ባትሪ፣ አንድ የካርድ ማስገቢያና ቦዲው ውስጥ የንዝረት ማረጋጊያ አለመኖሩ ነው። ኤ6700 ማረጋጊያውንና 2280ውን ባትሪ ጨምሮ 4ኬ ቪዲዮ በ60 ፍሬም፣ ሲያስፈልግም እስከ 120 ድረስ ይቀርጻል፤ ካርዱ ግን አሁንም አንድ ነው። የ2018ቱ ኤ7 ማርክ 3 ሁለት ካርድ፣ ማረጋጊያና በቪውፋይንደር እስከ 610 ፎቶ የሚመዘገብለት ባትሪ አለው። ሜኑው የተዝረከረከ፣ ስክሪኑ ደብዛዛ ነው፣ ቪዲዮውም 4ኬ 30 ላይ ይቆማል። ፎቶው ላይ ግን ይህ አይታይም። ያገለገለ ተገኝቶ ከታምሮን 28-75 ጋር ሲጣመር ለሰርግ ከዚህ የሚሻል የዋጋ ስሌት አላገኘሁም።

ካኖን አርኤፍ። ጥያቄው አንድ ነው፦ ከድሮው የካኖን ዲኤስኤልአር የተረፈ ሌንስ አላችሁ? ኢኤፍ ማውንት ከ1987 ጀምሮ አለ፤ እነዚያ ሌንሶች በአዳፕተር አርኤፍ ላይ ሲገጠሙ ኦቶ ፎከሳቸው ሳይጎድል ይሠራሉ፣ ብዙ ጊዜም ድሮ ዲኤስኤልአር ላይ ከነበረው ይልቅ በትክክል ይይዛሉ። 24-70ና 85 ያለው ሰው ቦዲና አዳፕተር ብቻ ገዝቶ ይገባል። ያገለገለ ኢኤፍ ሌንስ ከባለቤቱ እጅ በጥሩ ዋጋ ስለሚወጣም አዲስ ጀማሪ ቢሆን እንኳ ይህን መንገድ ሊያስብበት ይችላል።

ሌንስ የሌለው ሰው ግን ያስብበት። አርኤፍ ከርካሹ 50 ሚሜ ቀጥሎ ዋጋው ይዘላል። ለፉል ፍሬም አርኤፍ ከሲግማና ከታምሮን ኦቶ ፎከስ ያለው ሌንስ አይገኝም፤ ካኖን በ2024 ለእነርሱ በሩን የከፈተው ለክሮፕ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ካኖን ራሱ ያወጣው 28-70 ኤፍ 2.8 በ1100 ዶላር ክፍተቱን በመጠኑ ይሞላል።

ከቦዲዎቹ አር8 ይገርማል። በ1500 ዶላር የአር6 ማርክ 2ን ሰንሰር ይዟል፣ 4ኬ በ60 ሙሉውን ፍሬም ሳይቆርጥ ይቀርጻል። የተቀነሰው ሁሉ ለሰርግ የሚያስፈልገው ነው፦ አንድ ካርድ፣ 1040 ባትሪ፣ ማረጋጊያ የለም። አር10 ለተማሪና ለጀማሪ ደህና ነው። አር50 ይረክሳል፤ የፍላሽ መሰኪያው አዲሱ ዓይነት ብቻ ስለሆነ ግን ያላችሁ የቆየ ፍላሽ ያለ ተጨማሪ አዳፕተር አይሠራበትም። ፍላሽ ለሚጠቀም ሰው ይህን ሻጩ አይነግረውም።

ኒኮን ዜድ። በ2018 የወጣ ነው፤ ቀዳዳው 55 ሚሜ ሰፊ፣ ከሰንሰሩ ያለው ርቀት 16 ሚሜ ስለሆነ አዳፕተር ይቀበላል፣ ሌንሶቹም ከዳር እስከ ዳር ጥርት ያሉ ናቸው። ዜድ5 በ1400 ዶላር ፉል ፍሬም፣ ሁለት ካርድ፣ ማረጋጊያና 2280 ባትሪ ይዞ የወጣ ነው። በወቅቱ ሌላው ካምፓኒ በዚያ ዋጋ ይህን ሁሉ አልሰጠም። የሚቀነስበት ቪዲዮ ላይ ነው፤ 4ኬ ሲቀርጽ ፍሬሙን 1.7 ጊዜ ያጠብባል፣ ሳሎን ውስጥ ለቪዲዮ አይሆንም። ኦቶ ፎከሱም የሚሮጥ ልጅ ላይ ከሶኒ ይዘገያል።

የድሮ የኒኮን ሌንስ ያላችሁ ኤፍቲዜድ የሚባለውን አዳፕተር ከመግዛታችሁ በፊት ሌንሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ኤኤፍ-ኤስ የሚል ከሆነ ፎከስ ያደርጋል። ኤኤፍ-ዲ ከሆነ፣ ለምሳሌ ብዙ ሰው እጅ የገባው 50 ሚሜ ኤፍ 1.8 ዲ፣ ሞተር ስለሌለው በእጅ ታዞራላችሁ።

ፉጂ ኤክስ። ከ2012 ጀምሮ ያለ ክሮፕ ብቻ የሆነ ማውንት ነው፤ ወደ ፉል ፍሬም መንገድ የለውም። ቀለሙ ከካሜራው እንደወጣ ለደንበኛ የሚላክ ስለሆነ ኤዲት ማድረግ የማይወድ ሰው ይወደዋል። ኤክስ-ኤስ20 ማረጋጊያና ደህና ባትሪ አለው። የሚያሳስበኝ የጓደኛ ቦርሳ መስፈርት ነው፤ ሌንሱን ማን እንደሚያዋስ ሳታረጋግጡ አትግቡበት።

ማይክሮ ፎር ሰርድስ የሚባለው ማውንት ሰንሰሩ በጎን ርዝመት ከፉል ፍሬም በግማሽ ስለሚያንስ ለተክሊል ጨለማ አልመርጠውም። ኤል ማውንት ላይ የፓናሶኒክ ኤስ5 ማርክ 2 ለቪዲዮ ጠንካራ ነው፤ ኪራይ ካገኛችሁለት እሰየው።

## ቦዲዎቹ በአንድ ሰንጠረዥ

| ቦዲ | ዓመት | ሰንሰር (ሜጋፒክስል) | ካርድ | ማረጋጊያ | ባትሪ (ሚሊ አምፒር ሰዓት) | ሲወጣ ዋጋው በዶላር |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሶኒ ኤ6400 | 2019 | ክሮፕ 24 | 1 | የለም | 1020 | 900 |
| ሶኒ ኤ6700 | 2023 | ክሮፕ 26 | 1 | አለ | 2280 | 1400 |
| ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 | 2018 | ፉል 24 | 2 | አለ | 2280 | 2000 |
| ሶኒ ኤ7 ማርክ 4 | 2021 | ፉል 33 | 2 | አለ | 2280 | 2500 |
| ካኖን አር50 | 2023 | ክሮፕ 24 | 1 | የለም | 1040 | 680 |
| ካኖን አር10 | 2022 | ክሮፕ 24 | 1 | የለም | 1040 | 980 |
| ካኖን አር8 | 2023 | ፉል 24 | 1 | የለም | 1040 | 1500 |
| ካኖን አር6 ማርክ 2 | 2022 | ፉል 24 | 2 | አለ | 2130 | 2500 |
| ኒኮን ዜድ5 | 2020 | ፉል 24 | 2 | አለ | 2280 | 1400 |
| ፉጂ ኤክስ-ኤስ20 | 2023 | ክሮፕ 26 | 1 | አለ | 2200 | 1300 |

ማረጋጊያ የሚያቆመው የእጃችሁን መንቀጥቀጥ ነው፣ የሙሽራውን እንቅስቃሴ አይደለም። ስለዚህ ከቦታ ለማይነቃነቅ ነገርና ለእጅ ቪዲዮ እንጂ ለተክሊል ኤፍ 1.8ን አይተካም።

ሰንጠረዡ የማያሳየው ሌላ ነገር አለ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድምፅ እንዳይሰማ ኤሌክትሮኒክ ሻተር መጠቀም ያጓጓል። በሰንጠረዡ ያሉት ካሜራዎች ሰንሰሩን ከላይ እስከ ታች በመስመር ነው የሚያነቡት፤ የኤልኢዲና የፍሎረሰንት መብራት ስር ምስሉ ላይ ጥቁር ሰንበሮች ይወጣሉ። ማታ ቸርችል ጎዳና ላይ ወይም የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፊት ለፊት ያሉት መብራቶች ስር ሞክሩት፣ ወዲያው ታዩታላችሁ። በሜካኒካል ሻተር ወይም በኤሌክትሮኒክ የመጀመሪያ መጋረጃ ሥሩ።

## ለማን የቱ

ሥራችሁ ጉርድ ፎቶና የስቱዲዮ ፎቶ ብቻ ከሆነ ሚረርለስ አትግዙ። በስቱዲዮ ፍላሽ፣ በኤፍ 8፣ በአይኤስኦ 100 ሲነሳ የዛሬ አሥር ዓመቱ ዲኤስኤልአር የሚሰጠው ምስል ደንበኛው አይለየውም። ገንዘቡን ለመብራትና ለፕሪንተር አውሉት።

ለሚማርና ልደት፣ ምርቃት ለሚጀምር፦ ያገለገለ ኤ6400 ወይም አር10፣ ከሲግማ 18-50 ኤፍ 2.8 ጋር። ሌንሱ ለሁለቱም ማውንት በየራሱ ዓይነት ተሠርቷል። ጓደኞቻችሁ የያዙትን ማውንት ተከተሉ።

ብቻውን ሰርግ ለሚይዝ፦ ኤ7 ማርክ 3፣ ታምሮን 28-75፣ 85 ሚሜ ኤፍ 1.8። ቪዲዮ የማይነካና አዲስ ዕቃ ከነዋስትናው የሚፈልግ ዜድ5ን ከኒኮን 28-75 ኤፍ 2.8 ጋር ይውሰድ። ገንዘብ ያለው ኤ7 ማርክ 4 ላይ ከመሄዱ በፊት በልዩነቱ ሁለተኛ ቦዲ ይግዛ፤ ሁለት መካከለኛ ቦዲ፣ አንዱ ላይ ዙም አንዱ ላይ 85፣ ሰርግ ላይ ከአንድ ውድ ቦዲ ይሻላል።

የካኖን ሌንስ ያለው፦ ሰርግ ከሆነ አር6 ማርክ 2፣ ያለዚያ አር8 ከሦስት ባትሪ ጋር።

ፎቶና ቪዲዮ እኩል ለሚሠራ፦ ኤ6700 ወይም አር8። ጂምባል (ካሜራ የሚያረጋጋ መያዣ) ከሌላችሁ ኤ6700።

ለራሱ ደስታ ከተማ ለሚዞር፦ ኤክስ-ኤስ20 ወይም ማንኛውም ክሮፕ ከ23 እስከ 30 ሚሜ ካለው ፕራይም ጋር። ሌላ ሌንስ ለዓመት አይግዛ።

## ያገለገለ ሲገዛ

ሱቅ ውስጥ ካለው አምፖል ስር አትግዙ፤ ወደ ውጭ ውጡ። ሌንሱን በኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ ሰማይ አንሱና ስክሪኑ ላይ አስፍታችሁ ተመልከቱ፤ ጥቁር ነጠብጣብ አቧራ ነው፣ ይጠረጋል። ቀጭን መስመር ወይም ጭረት ከሆነ ግን ሰንሰሩ ስለሆነ ተዉት። የስልካችሁን ባትሪ መብራት አብርታችሁ በሌንሱ ኋላ በኩል አሳልፉና በፊት በኩል ተመልከቱ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ፈንገስ ነው። ክረምቱን ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ ላይ የተለመደ ነው፣ በማንኛውም ዋጋ አይወሰድም።

ሁለቱንም የካርድ ማስገቢያ በራሳችሁ ካርድ ሞክሩ። ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና አብሩት። የሻተር ቁጥሩን ጠይቁ፤ የኤ7 ማርክ 3 ሻተር ለ200,000 ጊዜ የተፈተነ ነው፣ ሰርግ ቤት የሠራ ቦዲ ደግሞ ያን ቶሎ ይቃረባል። ቦዲው ላይ ያለው ሴሪያል ቁጥር ከካርቶኑ ጋር መግጠሙን እዩ።

ሶኒ ከሆነ ደግሞ ሜኑውን ከፍታችሁ የቋንቋ ምርጫ ውስጥ ግቡ። ለጃፓን ገበያ የወጡት ቦዲዎች አብዛኞቹ ጃፓንኛ ብቻ ናቸው፤ ዋጋቸው ረከስ የሚለውም ለዚህ ነው።